በአውቶካድ ንድፍን ከሞዴል ስፔስ ወደ ፔፐር ስፔስ፣ ከፔፐር ስፔስም ወደ ሞዴል ስፔስ የማዘዋወር አሠራር

የሌላ ሰው የአውቶካድ ፋይል ተቀብሎ ሥራ የሚቀጥል ነዳፊ ደጋግሞ የሚገጥመው አንድ ችግር አለ። የቤቱ ፕላን በሞዴል ስፔስ (ነገሩ በእውነተኛ መጠኑ በሚሳልበት ቦታ) ተስሎ ሳለ የክፍሎቹ ስም ግማሹ እዚያው ሞዴል ውስጥ፣ ግማሹ ደግሞ በሌይአውቱ (የሚታተመው ወረቀት በሚዘጋጅበት የፔፐር ስፔስ ገጽ) ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ታይትል ብሎኩ (የንድፉ መረጃ የሚጻፍበት የወረቀቱ ሠንጠረዥ) ሃምሳ እጥፍ ተለጥጦ ከፕላኑ ጎን ተቀምጧል፤ አንዳንዱ ልኬት ደግሞ ከግድግዳው ጋር ሳይተሳሰር በወረቀቱ ላይ ብቻ ተንሳፏል። እንዲህ ያለው ፋይል ሲታተም ደህና ይመስላል። ጉዳቱ የሚታየው የቤቱ ባለቤት «ይህ ክፍል ትንሽ ይስፋልኝ» ብሎ ሲመለስ ነው፤ ግድግዳው ሲገፋ በሌይአውት ላይ የተጻፈው ስምና ቁጥር ባለበት ይቀራል፤ ማንም ሳያስተውለውም የተሳሳተ ልኬት ወደ ግንባታ ቦታ ይሄዳል።

ይህ መመሪያ ያለቦታው የተቀመጠን ነገር እንደገና ሳይስሉ፣ መጠኑንና ቦታውን ሳያዛቡ ወደሚገባው ስፔስ እንዴት ማዘዋወር እንደሚቻል ያስረዳል። ለማሳያ የምጠቀመው በሐረር ጁገል (በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ) ውስጥ የሚገኝ የአንድ ጌ ጋር (የሐረሪ ባህላዊ ቤት) የልኬት ንድፍ ነው። ይህን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። የሐረሪ ባህላዊ ቤት ዋና ክፍል፣ ጊዲር ጋር፣ ወለሉ አንድ ወጥ አይደለም፤ ነደባ የሚባሉት መደቦች በተለያየ ከፍታ ይደረደራሉ፤ የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው፤ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩት የዕቃ ማስቀመጫዎችም ለብቻቸው ጎላ ተደርገው ካልተሳሉ አይነበቡም። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ ቢያንስ ሁለት ስኬል መኖሩ ግድ ይሆናል፤ በሁለት ስፔስ መካከል የሚደረግ ዝውውር ጥንቃቄ የሚጠይቀውም በትክክል እዚህ ላይ ነው። ጁገል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ በውስጡ ያሉ ቤቶች ንድፍ ከዓመታት በኋላም ተከፍቶ የሚነበብና የሚታመን መሆን ይኖርበታል።

በምሳሌያችን ቤቱ በሞዴል ስፔስ በሚሊሜትር በእውነተኛ መጠኑ ተስሏል። ሌይአውቱ ኤ3 ወረቀት ነው፤ ማለትም 420 በ297 ሚሊሜትር። በላዩ ሁለት ቪውፖርቶች፣ ማለትም ሞዴሉን በተወሰነ ስኬል የሚያሳዩ መስኮቶች፣ አሉ፤ አንዱ የምድር ወለሉን ፕላን በ1:50 ያሳያል፤ ሌላው የጊዲር ጋሩን ባለማስቀመጫ ግድግዳ በ1:20 ያሳያል።

የቱ የት መቀመጥ እንዳለበት መወሰን

ትእዛዙን ከመጠቀም በፊት ውሳኔው መቅደም አለበት። እኔ የምከተለው ደንብ ቀላል ነው፤ የቤቱ የሆነው ሁሉ በሞዴል፣ የወረቀቱ የሆነው ሁሉ በፔፐር ይቀመጣል። ግድግዳ፣ በር፣ ነደባ፣ ደረጃ፣ የጣሪያ ወራጅ፣ ሃች (ቦታን የሚሞላ የመስመር ንድፍ)፣ የክፍል ስም፣ የከፍታ ምልክትና ልኬት የቤቱ ናቸው። ታይትል ብሎክ፣ የወረቀቱ ክፈፍ፣ የንድፉ ርዕስና ስኬል፣ የሰሜን አቅጣጫ ምልክት፣ አጠቃላይ ማስታወሻና የማሻሻያ ሠንጠረዥ የወረቀቱ ናቸው።

ልኬትን በተመለከተ ከዚህ የተለየ አቋም ያላቸው ጎበዝ ነዳፊዎች እንዳሉ አውቃለሁ። አውቶካድ ዲምአሶክ የሚባለው መለኪያ 2 ላይ ሲሆን በፔፐር ስፔስ የተጻፈን ልኬት ሞዴል ውስጥ ካለው ግድግዳ ጋር ማሳሰር ስለሚችል፣ ልኬቱን በወረቀቱ ላይ መጻፍ አይከለከልም። ሆኖም ፋይሉ ወደ ስትራክቸራል መሐንዲሱ ወይም ወደ ኤሌክትሪክ ባለሙያው ሲሄድ በአብዛኛው የሚወሰደው ሞዴሉ ነው፤ ልኬቱ በወረቀቱ ላይ ከቀረ ተቀባዩ ባዶ ግድግዳ ይደርሰዋል። ስለዚህ ልኬት ከሚለካው ነገር ጋር በአንድ ስፔስ ቢኖር ይሻላል እላለሁ።

የተደበላለቀው ፋይል ከየት እንደመጣ ማወቅም ለውሳኔው ይረዳል። አውቶካድ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ፔፐር ስፔስ አልነበረውም፤ የመጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሪሊዝ 11 ጋር ሲሆን፣ በአንድ ፋይል ብዙ ሌይአውት መያዝ የተቻለው ደግሞ ከአውቶካድ 2000 ጀምሮ ነው። ታይትል ብሎክን በስኬሉ ልክ አሳድጎ ሞዴል ውስጥ ማስቀመጥ ፔፐር ስፔስ ከመምጣቱ በፊት የተለመደ አሠራር ስለነበር፣ ከመምህር ወደ ተማሪ እየተላለፈ እስከ ዛሬ ዘልቋል።

አንድ ነገር የትኛው ስፔስ ውስጥ እንዳለ ካጠራጠረዎት ሞዴል የሚለውን ታብ ይጫኑ፤ በሌይአውቱ ላይ ያዩት ጽሑፍ እዚያ ከሌለ በፔፐር ስፔስ ያለ ነው። የበለጠ እርግጠኛ ለመሆን ነገሩን መርጠው ሊስት የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ በሚከፈተው መግለጫ ውስጥ ስፔሱ በግልጽ ተጽፎ ያገኙታል።

ከዝውውሩ በፊት መስተካከል ያለባቸው

ዝውውሩ የሚከናወንበት ትእዛዝ ሲኤችስፔስ ይባላል። በኮማንድ ላይን ላይ የሚጻፉት ፊደላት በቅደም ተከተል ሲ፣ ኤች፣ ኤስ፣ ፒ፣ ኤ፣ ሲ እና ኢ ናቸው። በሪበን መጠቀም ለሚመርጥ ሰው ደግሞ በሆም ታብ ላይ ሞዲፋይ ከሚለው ፓነል ግርጌ ያለው ቀስት ሲጫን ከሚዘረጉት ምልክቶች መካከል ቼንጅ ስፔስ በሚል ስም ይገኛል።

ይህ ትእዛዝ ነገሩን ከቦታ ወደ ቦታ ከማዘዋወር በላይ ይሠራል፤ በወረቀቱ ላይ የነበረው ገጽታ እንዳይለወጥ በቪውፖርቱ ስኬል መሠረት መጠኑን ራሱ ያባዛል ወይም ያካፍላል። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ሥጋቱም እዚሁ ላይ ነው። ማባዣው የሚወሰደው በዚያች ሰዓት ሥራ ላይ ካለው ቪውፖርት ስለሆነ፣ ቪውፖርቱ የተዛባ ስኬል ካለው የተዘዋወረው ሁሉ አብሮ ይዛባል። አንድ ሰው ቪውፖርቱ ውስጥ ገብቶ የማውሱን ጎማ ትንሽ አዟዙሮ ከወጣ፣ 1:50 የነበረው 1:47.3 ሊሆን ይችላል፤ ዓይን አይለየውም። በዚህ ሁኔታ የተላከ 2.5 ሚሊሜትር ጽሑፍ 125 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው 118.25 ሚሊሜትር ሆኖ ሞዴል ውስጥ ይቀመጣል፤ ከጎኑ ካለው ጽሑፍ ጋር ለምን እንደማይስተካከል ደግሞ በኋላ ማንም አያገኘውም።

ስለሆነም የቪውፖርቱን ክፈፍ ከውጭ ሆነው ይምረጡና የፕሮፐርቲስ ሰሌዳን ይክፈቱ። ከስም ዝርዝሩ ውስጥ ካስተም ስኬል የሚለውን ይመልከቱ። ሞዴሉ በሚሊሜትር ከተሳለ ለ1:50 ቁጥሩ 0.02፣ ለ1:20 ደግሞ 0.05 መሆን አለበት። ሞዴሉ በሜትር ከተሳለና ሌይአውቱ በሚሊሜትር ከሆነ ለ1:50 የሚታየው 20፣ ለ1:100 ደግሞ 10 ነው። ቁጥሩ ከእነዚህ የወጣ ከሆነ እዚያው ሰሌዳ ላይ ያስተካክሉት፤ ከዚያም ዲስፕሌይ ሎክድ የሚለውን «የስ» አድርገው ይቆልፉት። መቆለፉ ዝውውሩን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ስኬሉን በስህተት መነካካትን ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሌየሮችን፣ ማለትም የንድፉ ነገሮች የሚመደቡባቸውን ንጣፎች፣ ሁኔታ ይመልከቱ። የሚዘዋወረው ነገር ያለበት ሌየር ተቆልፎ ከሆነ ይክፈቱት። ከዚህ ይበልጥ የሚታለፈው ግን ሌየሩ በመድረሻው ቪውፖርት ውስጥ ብቻ ፍሪዝ (እንዳይታይ) ተደርጎ የሚገኝበት ጊዜ ነው፤ ይህ በሌየር ማኔጀር ላይ ቪፒ ፍሪዝ በሚለው ዓምድ ይታያል። እንዲህ ከሆነ ነገሩ በትክክል ይዘዋወራል፤ ነገር ግን ወዲያው ከዓይን ይጠፋል፤ ሠራተኛውም የተሰረዘ መስሎት እንደገና ይጽፈዋል፤ በፋይሉ ውስጥ ሁለት ድርብ ጽሑፍ ይቀራል።

በመጨረሻም ፋይሉን በሌላ ስም አንድ ጊዜ ያስቀምጡ።

ከፔፐር ወደ ሞዴል ማዘዋወር

በምሳሌያችን «ጊዲር ጋር» እና «አሚር ነደባ» (ከመደቦቹ የአንዱ ስም) የሚሉት ስሞችና የከፍታ ምልክቶቹ በሌይአውቱ ላይ ተጽፈዋል እንበል። የቤቱ ስለሆኑ ወደ ሞዴል መግባት አለባቸው።

1. ሌይአውቱን ይክፈቱ። ትእዛዙ የሚሠራው ከሌይአውት ብቻ ነው፤ በሞዴል ታብ ላይ ሆነው ቢጽፉት አውቶካድ እዚያ እንደማይፈቀድ ገልጾ ይመልስዎታል።

2. ከቪውፖርቶቹ ውጭ ባለው የወረቀቱ ክፍል ላይ ሁለቴ ክሊክ ያድርጉ፤ ወይም ፒ እና ኤስ ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። በወረቀቱ ግርጌ በግራ በኩል ባለሦስት ማዕዘን ምልክት ከታየ በፔፐር ስፔስ ውስጥ ነዎት።

3. ሲኤችስፔስ ብለው ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፤ ከዚያም ስሞቹንና የከፍታ ምልክቶቹን ይምረጡ። በመስኮት እየጎተቱ ሲመርጡ የቪውፖርቱ ክፈፍ አብሮ እንዳይገባ ይጠንቀቁ፤ ከገባም የሺፍት ቁልፍን ይዘው ክፈፉን በመጫን ከምርጫው ያስወጡት። ምርጫው ሲያበቃ ኢንተር ይጫኑ።

4. በሌይአውቱ ላይ ከአንድ በላይ ቪውፖርት ስላለ አውቶካድ መድረሻውን ቪውፖርት እንዲያነቁ ይጠይቃል። በ1:50 ቪውፖርት ውስጥ አንድ ጊዜ ክሊክ ያድርጉ፤ ክፈፉ መወፈሩን በዓይንዎ አይተው ካረጋገጡ በኋላ ኢንተር ይጫኑ።

5. በኮማንድ ላይን ላይ የሚወጣውን መልእክት ሳያነቡ አይለፉ። ስንት ነገሮች እንደተዘዋወሩና በስንት እንደተባዙ ይነግርዎታል። ለ1:50 በሚሊሜትር ሞዴል ማባዣው 50 ነው፤ በሜትር ሞዴል ደግሞ 0.05 ነው። ሌላ ቁጥር ካዩ ወዲያውኑ ኮንትሮል እና ዜድ ተጭነው ይመልሱት።

አራተኛው እርምጃ ላይ ትንሽ ልቆይ። ጥያቄው ሲመጣ ቀድሞ የነቃው ቪውፖርት የ1:20ው ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሰው ደግሞ ጥያቄውን ሳያነብ ኢንተር ይጫናል። በዚህ ጊዜ 2.5 ሚሊሜትር የነበረው ጽሑፍ በ20 ተባዝቶ 50 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ቦታውም የፕላኑ ሳይሆን የግድግዳው ዝርዝር ንድፍ ባለበት አካባቢ ይሆናል። ጽሑፉን ወደ ፕላኑ ጎትተው ቢያመጡት እንኳ በ1:50 ሲታተም ቁመቱ 1 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚሆን አይነበብም። እንዲህ የሆነን ነገር በእጅ እየጎተቱና እያሳደጉ ከመጠገን ይልቅ መልሶ በትክክለኛው ቪውፖርት መላክ ምንጊዜም ይሻላል።

ሌላም መታሰብ ያለበት ነገር አለ። ጽሑፉ ሞዴል ውስጥ ከገባ በኋላ ያንን ስፍራ የሚያሳየው ቪውፖርት ሁሉ ጽሑፉን ያሳያል። አሁን 125 ሚሊሜትር የሆነው «አሚር ነደባ» የሚለው ስም፣ ያንኑ የፕላን ክፍል በ1:20 አጉልቶ የሚያሳይ ሦስተኛ ቪውፖርት ቢጨመር፣ በዚያ ላይ 6.25 ሚሊሜትር ሆኖ ይታተማል፤ ይህም ለወረቀቱ የማይመጥን ግዙፍ ጽሑፍ ነው። መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የየስኬሉን ጽሑፍ በየራሱ ሌየር አድርጎ፣ የ1:50ውን ሌየር በ1:20 ቪውፖርት ውስጥ ብቻ ፍሪዝ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ጽሑፉን አኖቴቲቭ (መጠኑን ከቪውፖርቱ ስኬል ጋር ራሱ የሚያስተካክል) አድርጎ ሁለቱንም ስኬሎች መስጠት ነው። ብዙ እጅ በሚገባበት ፋይል እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ምክንያቱም የሌየርን ሁኔታ ማንም ሰው በቀላሉ ያየዋል፤ የአኖቴቲቭን ባሕርይ ግን ሁሉም አይከታተለውም። አኖቴቲቭ የሆነ ጽሑፍ የሚያዘዋውሩ ከሆነ ግን ከማዘዋወርዎ በፊት የቪውፖርቱ አኖቴሽን ስኬልና የቪውፖርቱ ስኬል አንድ መሆናቸውን ያረጋግጡ።

ከሞዴል ወደ ፔፐር ማዘዋወር

አካሄዱ ተመሳሳይ ሆኖ መነሻው ይለያል። በሌይአውቱ ላይ ሆነው ነገሩ በሚታይበት ቪውፖርት ውስጥ ሁለቴ ክሊክ በማድረግ ወደ ሞዴል ይግቡ፤ ሲኤችስፔስ ብለው ይጻፉ፤ የሚወጡትን ነገሮች ይምረጡ፤ ኢንተር ይጫኑ። አውቶካድ መነሻ የሚሆነውን ቪውፖርት እንዲያነቁ ከጠየቀ ትክክለኛውን አንቅተው ኢንተር ይጫኑ። የሰሜን ምልክቱ በ1:50 ቪውፖርት በኩል ከወጣ በ0.02 ተባዝቶ፣ በወረቀቱ ላይ ሲታይ በነበረበት መጠንና ቦታ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ መዘንጋት የሌለበት ትእዛዙ የሚያዘዋውር እንጂ የሚገለብጥ አለመሆኑ ነው። ወደ ፔፐር የወጣ ነገር ከሞዴሉ ይጠፋል፤ በሌሎቹ ቪውፖርቶችና በሌሎቹ ሌይአውቶች ላይም መታየቱን ያቆማል። ባለ አሥር ወረቀት ሥራ ውስጥ አንድ የአክስስ መስመር ቁጥር ከአንዱ ሌይአውት ቢያወጡ ከዘጠኙ ላይ ይጠፋል ማለት ነው። ቅጂው በሞዴሉ ውስጥ እንዲቀር ከፈለጉ አስቀድመው ኮፒ የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው ነገሮቹን ይምረጡ፤ ዲስፕሌስመንት ለሚለው ምርጫ ዲ ብለው ርቀቱን 0፣0፣0 ያድርጉት። በዚህ መንገድ ቅጂው በትክክል በመጀመሪያው ላይ ያርፋል። ከዚያ ሲኤችስፔስን ጠርተው ምርጫ ሲጠየቁ ፒ ብለው ኢንተር ከተጫኑ ቀድሞ የተመረጡት ብቻ ይወጣሉ፤ ቅጂዎቹ ይቀራሉ።

በሞዴል ውስጥ ያለን ታይትል ብሎክ ማውጣት

ከፍ ብዬ የጠቀስኩት የተለጠጠ ታይትል ብሎክ ለብቻው መታየት ያለበት ሥራ ነው፤ ምክንያቱም ቪውፖርቱ አብዛኛውን ጊዜ ከታይትል ብሎኩ ያነሰ ስለሆነ ሙሉውን አያሳይም።

በቅድሚያ ታይትል ብሎኩ በስንት እንደተለጠጠ ይለኩ። የውጭው ክፈፍ ርዝመት 21000 ሚሊሜትር ከሆነ፣ ኤ3 ወረቀት 420 ሚሊሜትር ስለሆነ፣ በ50 ተለጥጧል ማለት ነው። ቁጥሩ እንዲህ ተስተካክሎ የማይወጣ ከሆነ አንድ ሰው በዓይን ግምት አሳድጎታልና፣ ያንን ታይትል ብሎክ ከማዘዋወር አዲስ ማስገባት ይቀላል።

በ50 የተለጠጠ ከሆነ አዲስ ሌይአውት ከፍተው የገጹን አቀማመጥ ኤ3፣ በሚሊሜትር፣ የኅትመት ስኬሉንም 1:1 ያድርጉት። ኤምቪው በሚለው ትእዛዝ ከወረቀቱ በሁሉም አቅጣጫ ተርፎ የሚወጣ አንድ ትልቅ ቪውፖርት ይክፈቱ። ወደ ውስጡ ሁለቴ ክሊክ አድርገው ይግቡ፤ ዙም የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተው 1/50 ካሉ በኋላ ክፍተት ሳይተዉ ኤክስ እና ፒ የሚሉትን ፊደላት አስከትለው ኢንተር ይጫኑ። ከዚያ ታይትል ብሎኩ ሙሉ በሙሉ እስኪታይ ፓን ያድርጉ፤ ጎማውን ግን አያዙሩ። ከቪውፖርቱ ወጥተው ይቆልፉት፤ እንደገና ገብተው በሲኤችስፔስ ታይትል ብሎኩንና ክፈፉን ያውጡ።

አሁን ታይትል ብሎኩ በፔፐር ስፔስ በ420 በ297 መጠኑ ይገኛል፤ ነገር ግን ከወረቀቱ ጠርዝ ጋር ላይገጥም ይችላል። ለማስተካከል ታይትል ብሎኩንና ቪውፖርቱን በአንድነት መርጠው ያንቀሳቅሱ። ሁለቱ አብረው ከሄዱ ፕላኑ በክፈፉ ውስጥ የነበረውን ቦታ ይጠብቃል፤ ታይትል ብሎኩ ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ግን ፕላኑ ከክፈፉ ጋር የነበረው አቀማመጥ ይፈርሳል። በመጨረሻ የቪውፖርቱን ማዕዘኖች ይዘው ወደ ክፈፉ ውስጥ ያሳጥሩት።

ከዝውውሩ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

በመጀመሪያ ልኬቶቹን ይመርምሩ። በፔፐር ስፔስ የተጻፈ፣ ከግድግዳው ጋር ያልተሳሰረ አሮጌ ልኬት ካለ፣ ጸሐፊው ትክክለኛው ቁጥር እንዲወጣ ዲም ስኬል ሊኒየር የሚባለውን ዋጋ 50 አድርጎት ሊሆን ይችላል። ይህ ልኬት ወደ ሞዴል ሲገባ ያ ዋጋ አብሮት ከሄደ፣ 900 ሚሊሜትር የሆነ የበር ስፋት 45000 ተብሎ ይነበባል። በፕሮፐርቲስ ሰሌዳ ላይ ይህን ዋጋ ወደ 1 ይመልሱት፤ ዲም ስኬል ኦቨራል የሚለውም ከሌሎቹ የሞዴል ልኬቶች ጋር አንድ መሆኑን ይመልከቱ። ከዚያ ዲምሪአሶሽዬት በሚለው ትእዛዝ ልኬቱን ከግድግዳው ጫፎች ጋር ያሳስሩት። ቁጥሩ በእጅ ተጽፎበት ከሆነ ግን ምንም ማሳሰር አይጠቅምም፤ የተጻፈውን አጥፍተው የተለካው እንዲታይ ያድርጉ። በጌ ጋር ውስጥ ግድግዳው ከጥግ እስከ ጥግ አንድ ውፍረት ስለማይኖረው፣ በእጅ የተጻፈ ክብ ቁጥር በቦታው የተለካውን እውነት ይደብቃል፤ የቅርስ ንድፍ ሲሆን ይህ ከሌላው ሁሉ ይከፋል።

ሃች ሲያዘዋውሩ ድንበሩን የሚሠራውን መስመር አብረው ይምረጡ፤ አለዚያ ሃቹ ከድንበሩ ጋር ያለው ትስስር ይቋረጣል፤ ነደባው ሲሰፋ ሃቹ አይከተለውም።

የተቆራረጡ መስመሮች ከተዘዋወሩ በኋላ ድፍን መስለው ወይም ቁርጥራጮቻቸው ተራርቀው ቢታዩ አይደንግጡ፤ መጀመሪያ ሪጄንኦል ብለው ማያ ገጹን ያድሱ። ፒኤስኤልቲስኬል የሚባለው መለኪያ 1 ላይ ሲሆን የመስመሮቹ ቁርጥ በሁሉም ቪውፖርት በወረቀቱ መጠን እኩል ይታያል። በሞዴል ታብም እንዲሁ እንዲታይ ኤምኤስኤልቲስኬልን 1 አድርገው የአኖቴሽን ስኬሉን ከሚሠሩበት ስኬል ጋር ያስተካክሉ።

ቆርጦ መለጠፍ ለምን አይመከርም

ብዙ ሰው ኮንትሮል እና ኤክስ፣ ቀጥሎም ኮንትሮል እና ቪ እያለ ያዘዋውራል። ይህ መንገድ መጠኑን አያባዛም፤ ቦታውንም አይጠብቅም። በቤት ፕላን ላይ ጉዳቱ ቶሎ ስለሚታይ ይታረማል። በሳይት ፕላን ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የቀያሽ ፋይል በአብዛኛው በሜትር፣ በዩቲኤም (ምድርን በዞን ከፍሎ በሜትር የሚለካ ሥርዓት) ኮኦርዲኔት የተሳለ ነው። በድሬዳዋ፣ ለምሳሌ «ከዚራ» በሚባለው ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ ቦታ፣ በዞን 37 የምሥራቅ ቁጥሩ ከ800 ሺህ ሜትር ይበልጣል፤ የሰሜን ቁጥሩ ደግሞ ከ1 ሚሊዮን ሜትር ያልፋል። በሌይአውቱ ላይ 200፣150 በሚል ነጥብ የነበረን ጽሑፍ በቀድሞ ኮኦርዲኔቱ ሞዴል ውስጥ ቢለጥፉት ከቦታው ከሺህ ኪሎሜትር በላይ ርቆ ይወድቃል። ከዚያ በኋላ ዙም ኤክስቴንትስ (ንድፉን በሙሉ የሚያሳየውን ትእዛዝ) ያለ ሰው ሳይቱን ሊታይ የማይችል ነጥብ ሆኖ ያገኘዋል። ሲኤችስፔስ ግን ጽሑፉን በቪውፖርቱ ውስጥ በታየበት ስፍራ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በ1:500 ሳይት ፕላን ላይ ማባዣው 0.5 ሆኖ መውጣቱን ማረጋገጥ ብቻ ይበቃል።

ኮኦርዲኔት ካነሳን አይቀር፣ ሐረር ከ42ኛው ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ አለፍ ብላ ስለምትገኝ በዩቲኤም አከፋፈል በዞን 38 ትወድቃለች፤ ድሬዳዋ ግን ከመስመሩ ወዲህ በዞን 37 ናት። በሁለቱ ከተሞች የሚሠራ ቢሮ የተቀበለው ፋይል በየትኛው ዞን እንደሆነ ቀያሹን መጠየቅ አለበት። ቁጥሩ በዛ ብሎ ሳይቱን ወደ ዜሮ መጎተት አይገባም፤ ለሥራ እንዲመች ዩሲኤሱን (ተጠቃሚው የሚያስቀምጠውን የኮኦርዲኔት ሥርዓት) ብቻ ማዛወር ወይም ማዞር በቂ ነው።

ቆርጦ መለጠፍ የሚያገለግለው ነገሩ የወረቀት ሆኖ ከአንድ ፋይል ሌይአውት ወደ ሌላ ፋይል ሌይአውት ሲሄድ ነው፤ በሁለቱም በኩል ስኬሉ 1:1 ስለሆነ የሚዛባ ነገር የለም።

ሙሉውን ሌይአውት ወደ ሞዴል መለወጥ ሲያስፈልግ

አንዳንድ ጊዜ ተቀባዩ ሌይአውት የማያነብ ፕሮግራም ይጠቀማል፤ ወይም ወረቀቱን እንዳለ በሞዴል ይፈልገዋል። ለዚህ ሁሉንም ነገር በሲኤችስፔስ መግፋት አይገባም። በሌይአውቱ ታብ ላይ በማውሱ ቀኝ ተጭነው ኤክስፖርት ሌይአውት ቱ ሞዴል የሚለውን ይምረጡ፤ አውቶካድ የወረቀቱን ገጽታ በሞዴል ስፔስ የያዘ አዲስ ፋይል ይሠራል፤ የመጀመሪያው ፋይል አይነካም። አዲሱ ፋይል ለማየትና ለማተም እንጂ ለመለካት የሚሆን አይደለም፤ የተለያየ ስኬል የነበራቸው ንድፎች ሁሉ በአንድ ወረቀት መጠን ስለሚቀመጡ በላዩ ላይ የሚወሰድ ልኬት እውነተኛውን የቤቱን መጠን አይሰጥም። ስለዚህ ሲልኩ የፋይሉን ስም ከዋናው ለይተው ይሰይሙት፤ ዋናውንም አብረው ይላኩ።